የኩሬው ጎመን

(ጎርጎራ፣ ጣና ዳር። ታይላንድ የውሃ እርሻ ተምሮ የተመለሰው ይኄይስ በሟች አባቱ ግቢ ውስጥ፣ ከዚያ አምጥቶ የተከለው የውሃ ጎመን ተነቅሎ ባዶ በቀረ ኩሬ አፋፍ ቆሟል፤ ያሳደገችው አክስቱ እታገኝ የእጇን ጭቃ እያራገፈች ነው።)

ይኄይስ፦ እቴቴ፣ ሌላ ሰው ነቅሎት ቢሆን እንዲህ አያንገበግበኝም ነበር!

እታገኝ፦ አሥር ሰው ነው የነቀለው። እኔ ከፊት ሆንኩ እንጂ።

ይኄይስ፦ ቀበሌ ሄደው «እንቦጭ በቅሏል» ያሉትስ?

እታገኝ፦ እሱን ብቻዬን ነው ያልኩት።

ይኄይስ፦ እንቦጭ አለመሆኑን ያውቃሉ እኮ! ሁለት ሁዳዴ ሙሉ በነጭ ሽንኩርት እየጠበሱ አብልተውኛል!

እታገኝ፦ እኔም በልቻለሁ። ይጥማል፤ አልክድም።

ይኄይስ፦ ታዲያ ለምን ዋሹ?

እታገኝ፦ «የውሃ ጎመን በዛብኝ» ብል ማን ይመጣልኛል? እንቦጭ ስል ማጭድ ያልያዘ የለም።

ይኄይስ፦ እዚያ ሳለሁ መምህሬ «አገርህ ሰው ይቀበልሃል?» ሲለኝ ምን እንዳልኩት ያውቃሉ? «አክስቴ አለች» አልኩት።

እታገኝ፦ አለሁ። አንተ ስትማር ሦስት ክረምት እስከ ደረቴ ሐይቅ ገብቼ እንቦጭ ስነቅል ነበርኩ። አባትህ መረቡን ሰቅሎ የቀረው በምን ሆነና?

ይኄይስ፦ እባብ ያየ በልጥ በረየ! ይኼ ሌላ ተክል ነው።

እታገኝ፦ ተቆርጦ ውሃ ላይ ሲወድቅ ምን ይሆናል?

ይኄይስ፦ ሥር ያወጣል።

እታገኝ፦ በስንት ቀን?

ይኄይስ፦ በአራት፣ በአምስት… እሱማ ጥሩነቱ ነው።

እታገኝ፦ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል አሉ። እንቦጭም ሲመጣ አበባው ያምር ነበር።

ይኄይስ፦ ከአጥር አይወጣም ብዬ የአባቴን አጥንት ጠርቼ ምዬልዎት አልነበር? ቃሌን ካላመኑ ምን ቀረን?

እታገኝ፦ ባላምን ሁለት ዓመት ዝም እል ነበር?

ይኄይስ፦ ታዲያ ዛሬ ምን መጣ?

እታገኝ፦ ከትናንት ወዲያ ደንገል ልቆርጥ ሐይቅ ዳር ወረድኩ። ጎረቤታችን አዝመራው ታንኳውን ከሚያስርበት ሥር ምን ባገኝ ጥሩ ነው?

ይኄይስ፦ እሱማ… እሱ እንኳ…

እታገኝ፦ አሁን እንኳ ተናገር እንጂ! ቅድም ጉሮሮህ ሊሰነጠቅ ነበር።

ይኄይስ፦ አንዲት እፍኝ ናት። ለሙከራ።

እታገኝ፦ ለሙከራ።

ይኄይስ፦ እቴቴ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት በዚች ጉድጓድ ሊቀር ነው ወይ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። የአዝመራው ልጆች ከሐይቅ ዳር ተቀምጠው ይራባሉ።

እታገኝ፦ ለእኔ ለምን አልነገርክም?

ይኄይስ፦ እምቢ ይሉኛል ብዬ።

እታገኝ፦ እምቢ እንደምል እያወቅህ የወንድሜን አጥንት ጠራህ።

ይኄይስ፦ አዝመራውስ ምን አለ?

እታገኝ፦ እሱማ ነቅሎ ጣለው። ግን ሰው አይቶታል፤ «ይኼ ከየት መጣ?» መባል ተጀመረ። ለዚህ ነው ቀድሜ ቀበሌ የሄድኩት።

ይኄይስ፦ ማን ተከለው ሲሉዎትስ?

እታገኝ፦ እኔ አልኳቸው። ሐይቅ ዳርም የጣልኩት እኔ ነኝ አልኩ።

ይኄይስ፦ እቴቴ! ለእኔ ብለው…

እታገኝ፦ ተው፣ ላንተ ብዬ አይደለም። የወንድሜ ልጅ በአባቱ አጥንት በሐሰት ማለ ከሚሉኝ፣ አሮጊቷ አበደች ቢሉኝ ይሻለኛል።