በሽብሩ ስም የተመዘገበችው የሙሐዲን ልጅ

የምስክር ቃል

ስም፦ ወ/ሮ ትሁን ተክለወልድ
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ በማዕከላዊ ገበያ ቅመም ሻጭ
አድራሻ፦ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3
ቀንና ሰዓት፦ እ.ኤ.አ. መጋቢት 15 ቀን 2001፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን በአማርኛ የተቀበለው፦ መርማሪ ባሺር ረምዚ

ከላይ ስሜ የተጠቀሰው እኔ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ መጥቼ ቃሌን ሰጥቻለሁ።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1998 አሰብ በጦርነቱ ስትታመስ ከጎረቤቴ ከወ/ሮ ዓለምነሽ ጋር በጀልባ ወደዚህ ከተማ ሸሸን። ዓለምነሽ ባሏ አቶ ሽብሩ ከሞተ ሁለት ሳምንቷ፣ አራስ ልጇን ከቀበረች ደግሞ ወሯ ነበር። ጡቷ ገና አልደረቀም።

ጀልባው ላይ ውዳድ የምትባል ትኩሳት የያዛት ሴት ሕፃን ታቅፋ አጠገባችን ተቀምጣ ነበር። እጇ ሲዝል ዓለምነሽ ሕፃኗን ተቀብላ አጠባቻት። ልጅቷ ተቅዋ እንደምትባልና ሃምሳ ሁለት ቀኗ እንደሆነ ውዳድ ነገረችን። አባቷ ሙሐዲን የከባድ መኪና ሹፌር ሲሆን ኢትዮጵያ በኩል ጭነት ሊያደርስ እንደሄደ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል። ውዳድ መሬት ሳንረግጥ አረፈች። ዓይኗን የከደንኩት እኔ ነኝ።

ወደብ ላይ መዝጋቢዎቹ የማን ልጅ ናት ሲሉ ዓለምነሽ «የኔ» አለች። እናት የሌለውን ሕፃን ለፈረንጅ ይሰጣሉ የሚል ወሬ ጀልባው ውስጥ ይናፈስ ነበር። ካናፈሱት አንዷ እኔ መሆኔን አልክድም። የልጅቷ ስም ናዝሬት፣ አባቷ ሽብሩ ተባለ። ምስክር ቢጠየቅ ያዋለድኳት እኔ ነኝ ብዬ ፈረምኩ። ሟቿ በነገረችን ቀን ቆጥረን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አነሳናት። የክርስትና እናቷ እኔ ሆንኩ፤ ከዓለምነሽም ጋር አበልጅ ሆንን። የሙስሊም ልጅ ማስጠመቃችንን ያን ቀን ያነሳ አልነበረም። ሁለታችንም ሬሳ አይተን የመጣን ሰዎች ነን፤ አንድ የሚስቅ ነገር አግኝተን ነበር።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሙሐዲን መደቤ ድረስ መጣ። ከአሰብ የተፈናቀለ ሁሉ እኔ ጋ ስለሚሰበሰብ ወሬ ፈላጊ ወደኔ ይላካል። የሚስቱን ሞት ነገርኩት፤ ሕፃን ግን አላየሁም አልኩ። ካስጠመቅን በኋላ እውነቱን ማውጣት ሰፈር የሚያጣላ መሰለኝ። መዝገቡ ላይ ተቅዋ ሙሐዲን ብሎ ቢያስፈትሽ ከየት ይገኛል? ከዚያ ወዲህ ጭነት ባመጣ ቁጥር ይመጣል፤ እኔም በመጣ ቁጥር ዋሽቻለሁ።

ባለፈው ሰኞ ሲመጣ ልጅቷ መደቤ ሥር ትጫወት ነበር። ዓይኑን መንቀል አቃተው። የማን ናት ሲለኝ የክርስትና ልጄ ናት አልኩ። እሱም እንዲህ አለ፦

«እህቴ፣ ሞታለች በይኝና ላልቅስ። ካልሞተችም አለች በይኝ። ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው፤ መንገድ ዳር ሕፃን ባየሁ ቁጥር ፍሬን እይዛለሁ።»

ከሙን እየመዘንኩ ነበር፤ ለማን እንደምመዝን ጠፋኝ። እሱ ሄደ።

አፌ አያርፍምና ማታውኑ ለዓለምነሽ ነገርኳት። ልጅቷን ይዛ እኔ ክፍል ገባች። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም፤ ስትተኛ ልጅቷን በነጠላ ከወገቧ ጋር ታስራለች። «አበልጄ፣ በክርስትናዋ ይዤሻለሁ፣ ድሬዳዋ አድርሺን» አለችኝ። ዛሬ ጠዋት የባቡር ትኬት ልቆርጥ ብዬ ወጥቼ እዚህ መጣሁ።

ዓለምነሽ ሌባ ናት ወይ ተብዬ ተጠይቄ ስመልስ፣ አይደለችም። በጡቷ ባታተርፋት ኖሮ ሙሐዲን የሚፈልጋት ልጅ አትኖርም ነበር። በሐሰት የፈረመችው እኔ ነኝ። ሴትዮዋ በልጅቷ ፊት እንዳትታሰር፣ አባትየውም ከፖሊስ ጋር እንዳይገባ እለምናለሁ። ልጅቷ አታውቀውም፤ የምትሸሸውም ወደ ዓለምነሽ ነው።

አሁን የት ናቸው ተብዬ ተጠይቄ፣ ካርቲየ 3 ክፍሌ ውስጥ ናቸው ብያለሁ። ሰው የለም እንዲባል ከውጭ እንድቆልፍባቸው የጠየቀችኝ ራሷ ዓለምነሽ ናት። ትኬቱን ይዤ እንድመለስ እየጠበቀችኝ ነው።

የተጻፈው ተነብቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ሦስት ዓመት የሸሸግኩትን ዛሬ ሳላስቀር ተናግሬአለሁ፤ በሐሰት ብገኝ በሕግ እጠየቃለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ትሁን ተክለወልድ
የመርማሪ ፊርማ፦ ባሺር ረምዚ
ከምስክር የተረከብኩት፦ አንድ የበር ቁልፍ