ጀማል ግጥም የሰጠ ዕለት

በእኛ ጊዜ መፈረም ማለት፣ ልጄ፣ አውራ ጣትን ቀለም መንከር ነበር፤ ታዲያ ያን ያህል አያስጨንቅም። ዛሬ ግን ስድስት ገጽ ውል ነው፣ ስድስት ገጽ! እና እኔን ማሲንቆ መቺውን፣ ፊደል በቅጡ የማልለየውን፣ «አያ ሞላ ያሉት ይሆናል» ብለው መሀል አስቀመጡኝ። እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ ልምምድ ከምናደርግባት ክፍል። ባንዱ አምስት ነን፣ ሽማግሌው እኔ ብቻ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡሬ ላይ ጀማል የሚባል ልጅ ሙዚቃ ማሳተሚያ ቤት ከፈተ። አባቱን አውቃቸዋለሁ፣ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ደግ ሰው። ልጁ ገና አንድም ዘፈን አላወጣ፣ በእኛ ሊጀምር ፈለገ። ዘፋኛችን ትርንጎ ደግሞ «ዘንድሮም ዘፈናችን ካልወጣ አዲስ አበባ እገባለሁ» ብላ ቆርጣለች። እሷ ከሄደች ታዲያ ምን ባንድ አለ? እኔና ኪቦርድ መቺው ይበልጣል ተፋጠን ልንቀር!

ታዲያ ይበልጣል ጀማል የላከውን ውል ያነባል፣ እኔ አዳምጣለሁ። አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ፣ «ግጥሙ ሙሉ በሙሉ የባንዱ ፈጠራ ነው፤ ባንዱም ያለ አሳታሚው ፈቃድ ዘፈኖቹን ሌላ ቦታ አይጫወትም» ይላል።

«ቆይ ቆይ፣ መልሰህ አንብበው» አልሁ። መለሰው።

«ሠርግ ላይስ?»

«ሠርግም ሌላ ቦታ ነው፣ አያ ሞላ።»

ትርንጎ ተቆጣች። «እርስዎ ደግሞ! ፊርማ ሲመጣ ነው ሠርግ ትዝ የሚልዎ?» እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ እንዲህ!

እኔም ስልክ አስደወልሁና «ጀማል፣ የፊታችን ቅዳሜ ማንኩሳ ሠርግ አለን፣ ና፣ እዚያው እንጨርሰዋለን» አልሁት።

መጣልህ! ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ የራሱን የውል ቅጂ በላስቲክ ሸፍኖ። ዳሱ ውስጥ ተቀመጠ፣ እኛ ጀመርን። ታዲያ የሙሽራው አጎት ተነሣና «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሰጠኝ፣ ተቀበልሁት። ሚዜው ሰጠኝ፣ ተቀበልሁት። አንዲት አሮጊት ሰጡኝ፣ ተቀበልሁ። ማሲንቆ መቼም እንዲህ ነው፣ ግጥሙን የሚሰጥህ ሕዝቡ ነው። ያ እናሳትመው ያልነው ዘፈን እኮ ግማሹ ከሠርግ ሠርግ የተለቀመ ነው!

እና ጀማልን አየሁት፣ እግሩ መሬት ይመታል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ወዲያው ብድግ! «ተቀበል፣ አያ ሞላ!

ሙሽራዋ ወጣች እናቷን ስማ፣
ሳቅና ልቅሶዋ አንድ ላይ ተሰማ።»

ዳሱ ተናጋ! ሴቶቹ እልል አሉ፣ ትርንጎ ራሷ ሦስት ጊዜ ደገመችው።

እረፍት ስናደርግ ጠራሁት። «ግጥምህ ሸጋ ነው። ነገ ሌላ ሠርግ ላይ ብዘፍነው ፈቃድ የምጠይቀው ማንን ነው? ደግሞስ ሁሉም የባንዱ ፈጠራ ነው ብዬ ስፈርም ዝም ልትለኝ ነው?»

ጭንቅላቱን ያዘ። «ኧረ አያ ሞላ! ውሉን አዲስ አበባ ካለ ጓደኛዬ ነው የገለበጥሁት። ለጭፈራ ቤት ዘፋኝ የተጻፈ ነው፣ ሠርግ መቼ አሰብሁ!»

እስክሪብቶ አወጣና ያን አንቀጽ ሠረዘው። በጎኑም «ሠርግ ላይ መጫወት ነፃ ነው፤ ከሠርግ የተለቀመ ግጥም የሕዝብ ይባላል» ብሎ ጻፈ። ይበልጣልን ሁለት ጊዜ አስነበብሁት። ትርንጎ እስክሪብቶውን ነጥቃ ፈረመች። እኔም በአውራ ጣቴ።

ዘፈኑ ወጣ፤ ትርንጎም ይኸው አለች፣ ዛሬም ትቆጣኛለች። አሁን ያስቸገረን ጀማል ነው። ሠርግ በሄድን ቁጥር ቀድሞን ይገኛል፣ «ተቀበል!» ይላል። ያችን የመጀመሪያዋን የመሰለች ግን አንዲትም አልወጣችው!

«ታዲያ እምቢ አይሉትም፣ አያ ሞላ?»

እንዴት ብዬ፣ ልጄ? ሠርግ ነፃ ነው ብዬ ፈርሜ! ካ ካ ካ!