ትንፋሽ ያጠረው ጥቁር መኪና

የምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ

መጠሪያ፦ በሥራው ዓለም “ጆሮ” በመባል የሚታወቀው መካኒክ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ የመኪና ሞተር ምርመራና ጥገና፣ በራሱ ጋራዥ
አድራሻ፦ ከሐዲዱ ማዶ፣ ከጎማ ጠጋኙ ቀጥሎ ያለው ባለአረንጓዴ በር ግቢ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡40 ሰዓት
ጉዳዩ፦ በእምነት ማጉደል ተጠርጥረው በማረፊያ ቤት የሚገኙትን ሾፌር ይመለከታል

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ወደ ጣቢያው የመጣሁት መጥሪያ ደርሶኝ ሳይሆን በራሴ እግር ነው። ከተጠርጣሪው ጋር ዝምድናም ጠብም እንደሌለኝ ተጠይቄ የለኝም ብያለሁ። የማውቃቸው የአሠሪያቸውን የጨርቅ ነጋዴውን ጥቁር መኪና ለምርመራ ይዘው ሲመጡ ነው። ኮታቸውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ ኮፋኖው እስኪዘጋ ድረስ ንቅንቅ አይሉም። ይሂዱና ሻይ ይጠጡ ቢሏቸው እንኳ ልጅ ሐኪም ቤት ያስገባ አባት ይመስል እንቢ ይላሉ። የነጋዴውን ቤተሰብ ሃያ ሁለት ዓመት ነድተዋል። የነጋዴውን ልጆች ትምህርት ቤት አመላልሰው፣ መንዳት አስተምረው፣ ሙሽራ አድርገው ሸኝተዋቸዋል።

ሰው ጆሮ የሚለኝ የሞተር ድምፅ ሰምቼ በሽታውን ስለምናገር ነው። አስር ጊዜ ተናግሬ ዘጠኙን ስለምመታ፣ አስረኛውን የሚያነሳብኝ የለም። የምታነሳብኝ ባለቤቴ ብቻ ናት።

ባለፈው እሑድ ትኩሳት ይዞኝ ሳሎን ሶፋው ላይ ተኝቼ ነበር። ሰዓቱ ወደ 9፡00 ይሆናል። ንፋስ መጋረጃውን ወደ ውስጥ ሲነፋውና መልሶ ሲስበው ክፍሉ ራሱ የሚተነፍስ መሰለኝ። በዚህ መሃል ጥቁሩ መኪና ያለ ጎማ በቤቶች ጣሪያ ላይ በዝግታ ሲንሳፈፍ አየሁ። ሽማግሌው ሾፌር መሪውን ይዘዋል። ፊት ለፊታቸው ደመናው እንደ ዳገት ቆሟል፤ መኪናው ወደዚያ ሊወጣ ይሞክራል፣ ያቃስታል፣ ግን አቅም ያጣል። ነጋዴው ከኋላ ወንበር ሆነው ምን ነክቶት ነው ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም መለስኩላቸው። ከዚያ ሁሉም ነገር ጥጥ ሆነ። ማታ ስነቃ ሕልሜን ለባለቤቴ ነገርኳት፤ እሷም ታሞ ሥራ የሚያልም ሰው አይታ እንደማታውቅ ነግራኝ ግንባሬ ላይ እርጥብ ፎጣ ጣል አደረገች።

መርማሪው ሕልም በምስክር ቃል ውስጥ እንደማይመዘገብ አስታውሰውኛል። እኔም ይመዝገብልኝ ብያለሁ፤ ምክንያቱም ሙሉ በሙሉ ሕልም አልነበረም።

ዛሬ ረቡዕ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ገደማ ጋራዡን ገና ስከፍት አንዲት እናት በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የሾፌሩ ባለቤት መሆናቸውን ነገሩኝ። አላለቀሱም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ባላቸው ተርቦ የሚባለውን የመኪናውን ኦርጅናል የሞተር ዕቃ ሸጠው አሮጌ ተክተዋል ተብለው ትናንት ማክሰኞ መያዛቸውን፣ ሐሙስ ጠዋት ማለትም ነገ ፍርድ ቤት እንደሚቀርቡ፣ የሚኖሩበትን የግቢ ክፍልም ነጋዴው ልቀቁ እንዳሏቸው አስረዱኝ። ለባላቸው መነጽር ሊያደርሱ እየሄዱ ነበር። ምን ልርዳዎት እናቴ ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና እንዲህ አሉኝ፦ “ምንም። በስልክ ሆኖ ሰው የሚያስር ምን ዓይነት መልክ እንዳለው ልይ ብዬ ነው።”

የሚሉት አልገባኝም ነበር። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ስልኬን ከፍቼ የጥሪ መዝገቡን አየሁ። እሑድ፣ 9፡12 ሰዓት፣ ከጨርቅ ነጋዴው፣ አራት ደቂቃ ይላል። ባለቤቴ በዚያ ሰዓት ጓሮ ልብስ እያሰጣች ስለነበር ስናገር አልሰማችኝም። የጥሪውን ሰዓት ሳየው ያልኩት ሁሉ ከጥጡ ውስጥ አንድ በአንድ እየወጣ መጣልኝ። ነጋዴው መኪናው ዳገት ላይ ከሰማንያ በላይ አልሄድ ማለቱን፣ ነዳጅ ሲሰጡት እፎይ ብሎ መቅረቱን ነግረውኛል። እኔም፦ “ጋሼ፣ እንዲህ በአንዴ ከወረደማ ኦርጅናሉ ተርቦ ወጥቶ አሮጌ ገብቶበት ነው። ሾፌርዎን ይጠይቁ” ብያለሁ። ከዓመታት በፊት በሌላ ሰው መኪና ላይ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞኝ ነበርና ከዚያ ጎትቼ ያመጣሁት ነው። ነጋዴው ባለፈው ወር መንገድ ወጥተው መኪናው ሳምንት ሙሉ ከሾፌሩ ጋር ቆይቶ ስለነበር ነገሩ ልክ ገጠመላቸው።

ወዲያው ለነጋዴው ደውዬ መኪናውን እንዲያመጡት ለመንኩ። መጀመሪያ ተቆጡ፤ ለማስረጃ ይጠቅማል ስላቸው እሺ አሉና ከቀኑ 7፡00 ሰዓት ራሳቸው እየነዱ መጡ። ሲያቆሙት ሁለት መኪና የሚያስገባ ቦታ ያዙ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የነዳላቸው ሰው ነበራ።

ተርቦ ምን እንደሆነ መርማሪው ስለጠየቁኝ፣ በሞተሩ ጭስ ግፊት እየተሽከረከረ አየር ጠቅጥቆ ለሞተሩ የሚያጎርስ ዕቃ መሆኑን፣ አየሩ ሲያንስ መኪናው ደረጃ እንደሚወጣ የአስም ሕመምተኛ እንደሚሆን አስረድቻለሁ። መጀመሪያ የመመርመሪያውን ኮምፒዩተር ሰካሁ። ግፊቱ ከሚፈለገው በታች ነው የሚል መልእክት አወጣ። ይህ መልእክት ግን የት እንደሚያም አይናገርም፤ አሞኛል ብቻ ነው የሚለው። ቀጥሎ የአየር ማስገቢያውን ፈትቼ የተርቦውን መዘውር በጣቴ አሽከረከርኩት። ያለ ምንም መንገጫገጭ ዞረ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ልቅነት የለውም። አካሉ ላይ የተቀረጸው ቁጥር መኪናው ሲገዛ ከመጣው ሰነድ ጋር አንድ ነው። የፋብሪካው ቢጫ ቀለም ብሎኖቹ ላይ ሳይሰነጠቅ እንዳለ ተቀምጧል። መፍቻ አርፎበት የሚያውቅ ብሎን እንደዚያ አይሆንም። ተርቦው መኪናው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ከቦታው አልተነሳም።

ከዚያ በሩን ዘግቼ የጭስ ማሽኑን ከአየር መስመሩ ጋር አገናኘሁት። ይህ ማሽን ነጭ ጭስ በቧንቧዎቹ ውስጥ ይነፋል፤ ቀዳዳ ካለ ጭሱ በዚያ ይወጣል። ምንም የሚያጓራ ነገር የለም። ከጣሪያው መስታወት የሚገባው ብርሃን ኮፋኖው ላይ ተኝቷል። ነጋዴው ከኋላዬ ቆመው ትንፋሻቸው ይሰማኛል። አምስት ደቂቃ ያህል ምንም አልታየም፤ የእሑዱ ሕልም ውስጥ ተመልሼ የገባሁ መሰለኝ። ከዚያ ከታች፣ አየሩን ከሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ወደ ሞተሩ በሚሄደው፣ ማኒኮቶ በምንለው የጎማ ቱቦ ሥር፣ እንደ ክር የቀጠነ ጭስ ብቅ አለ። ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ብርሃኑ ጋ ሲደርስ ተጠመዘዘና ጠፋ። በመስታወት ሳየው ማኒኮቶው ከማሰሪያው ሥር የጥፍር ርዝመት ያህል ተሰንጥቋል። የቢላዋ ወይም የእጅ ሥራ አይደለም፤ ሙቀትና ዕድሜ ያደረቁት ጎማ ነው። ቆሞ ሲሠራ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ዳገት ላይ ግፊት ሲጨምር ከንፈሩን ይከፍታል።

ከጎማ ጠጋኙ ጎን ካለው የመለዋወጫ ሱቅ አዲስ ማኒኮቶ አስመጥቼ ቀየርኩ። ከቀኑ 9፡30 ሰዓት ላይ ነጋዴውን አጠገቤ አስቀምጬ ወደ ውኃ ታንከሩ የሚወስደውን ዳገት ይዤ ወጣሁ። ዝናብ ጥሎ አባርቶ ነበር። መስኮቶቹ ሲዘጉ የውጭው ድምፅ ሁሉ ይጠፋል፤ ጃንጥላ የያዙ ሰዎች፣ እርጥብ ግድግዳዎች፣ አውቶቡስ የሚጠብቁ ተማሪዎች፣ ሁሉም ውኃ ውስጥ ያሉ ይመስል በዝግታ አለፉ። ነዳጅ ስሰጠው መኪናው ወገባችንን ከወንበሩ ጋር አጣበቀውና አስፋልቱን ለቆ እንደሚነሳ ሁሉ ቀለል ብሎ ወጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ጫፍ ላይ ስንደርስ ነጋዴው እንዳቆም ነገሩኝ። መኪናው እንደቆመ፦ “አንተ ነህ እኮ ያልከኝ” አሉ።

“አዎ ጋሼ፣ እኔ ነኝ።”

“ጆሮ ነው ብዬ አመንኩህ።”

ከዚያ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል፣ አሁን በምን ዓይኔ ነው ሰውዬውን የማያቸው አሉ። ቀጥታ ወደዚህ ጣቢያ ነድቼ አመጣኋቸው። ቃሌን በምሰጥበት በአሁኑ ሰዓት ነጋዴው በሩ ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ግቡ ብላቸው ትንሽ ቆይቼ ብለዋል። እሳቸው ቢገቡም ባይገቡም የእኔ ቃል ለብቻው እንዲያዝ ጠይቄያለሁ።

በማስረጃነት አሮጌውን ማኒኮቶ፣ የተርቦውን ቁጥርና የብሎኖቹን ፎቶግራፍ፣ እንዲሁም የስልኬን የጥሪ መዝገብ አስረክቤያለሁ። በተጠርጣሪው ላይ የቀረበው አቤቱታ መነሻው የእኔ ንግግር መሆኑን አምናለሁ። ይህ ቃል በእኔም ላይ ተጠያቂነት ሊያመጣ እንደሚችል መርማሪው ገልጸውልኛል፤ የጋራዤን ስምም እንደሚነካ እኔው ራሴ አውቃለሁ። ቢሆንም ነገ ጠዋት ከፍርድ ቤቱ በፊት መዝገቡ ውስጥ እንዲገባልኝ እጠይቃለሁ።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል። መርማሪው “ምስክሩ በስልክ ባደረገው ምርመራ ተሳስቷል” ብለው ያሰፈሩትን አንድ ዐረፍተ ነገር አልቀበልም ብያለሁ። ልዩነቱን ስጠየቅ፣ የሚሳሳት ሰው መጀመሪያ ያየ ሰው ነው፣ እኔ ኮፋኖውን እንኳ አልከፈትኩም፣ ስለዚህ “ሳያይ ተናገረ” ተብሎ ይጻፍልኝ ስል መልሻለሁ። ዐረፍተ ነገሩ በፊቴ ተሰርዞ በዚሁ ተተክቷል። የቀረው ሁሉ በዓይኔ ያየሁት፣ በእጄ የነካሁትና በአፌ ያልኩት ነው፤ ማንም ሳያስገድደኝ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
የቃል ተቀባዩ መርማሪ ፊርማ ____________
ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ 11፡55