የእህቴ ከተማ መጽሐፍ

ከቡሪየን ወደ ሲያትል በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ሴት በአማርኛ ያናግሯታል።

«ምን መጽሐፍ ነው ልጄ?»

«እህቴ የምትኖርባት የአውስትራሊያ ከተማ ታሪክ ነው፣ አባባ። በፖስታ ላከችልኝ።»

«ትልቅ ከተማ ናት?»

«ኧረ! አንድ መንገድ፣ አንድ ሱቅ፣ የቀረው የስንዴ እርሻ ነው። ባቡሩ መምጣት ሲያቆም ሰዉ ጥሏት ሄደ። ትምህርት ቤቱም ተማሪ አጥቶ ሊዘጋ ሲል እህቴ አራት ልጆቿን ይዛ ደረሰች።»

«ከዚያስ?»

«በእነሱ ምክንያት ሳይዘጋ ቀረ። ይኸው፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ከነልጆቿ ፎቶዋን አውጥተው ታሪኳን ጽፈውላታል።»

«እሰይ! ታዲያ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

«ካርቱም ሳለን የስደተኛ ፎርም የሞላነው አብረን ነው። ለእኔ አሜሪካ ሲወጣልኝ እሷ ቀንታ አልቅሳለች። አሁን ግን እኔ እዚህ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጎረቤቴ እንኳ ስሜን አያውቅም።»

«ደውለሽ እንኳን ደስ ያለሽ አላልሻትም?»

«ትናንት ራሷ ኮል አደረገች። መጽሐፉ ደረሰሽ ወይ አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«አልደረሰኝም አልኳት።»

የምወርድበት ፌርማታ ደርሶ ነበር፤ እኔ ግን የማስቆሚያውን ገመድ ሳልስብ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።