እጁን ያነሳው ፍሪጅ

ኤልሲ! ነዪ፣ እዚህ ጥላው ሥር ቁሚ፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ ትቀልጫለሽ። ዘንድሮ የሸዋ በርን ፀሐይ ምን ነካት? ቅድም ጥላዬ እንኳ «አልቻልኩም አባባ» ብላ ጥላኝ ቤት ገባች።

ፔርሙዙን ነው የምታዪው? ባዶ ነው። ጎረቤታችን ዩሱፍ ዛሬ ከሆስፒታል ይወጣል ቢሉኝ፣ ለአዲሱ የስኳር መርፌው በረዶ ልለምንለት ወደ ጀጎል መሄዴ ነው። ምነው… አልሰማሽም እንዴ? ወዳጅሽ አልነገረችሽም? ግድግዳ ነው እኮ የሚለያቸው!

መቼም እንደ ወዳጅሽ ያለ ጠንቃቃ ሰው አይቼ አላውቅም። ያ አዲስ ፍሪጅ የገባ ቀን ስምንት ጎረምሳ ተሸክሞት፣ ከሐኪም ተራራ ድረስ ሰው ሊያየው ወረደ። በረዶውን ራሱ ሠርቶ ራሱ የሚያራግፍ! አሮጌው ፍሪጇ እያስነጠሰም ቢሆን በየቀኑ የዩሱፍን ፔርሙዝ ይሞላ ነበር። አዲሱ ግን ጨዋ ነው… የዩሱፍ ሚስት ደጃፍ ላይ ስትቆም ይታመማል። «እንግዲያው መርፌውን ብቻ አስቀምጪልን» ብትላት፣ «የሰው አደራ ያስፈራኛል» አለቻት። እንዲህ ፈጣሪዋን የምትፈራ ሴት ዛሬ ከየት ይገኛል?

አዝኜላት ሙሜን ላክሁላት። የሙሜን እጅ ታውቂው የለ? የሞተ ፍሪጅ በጥፊ የሚያስነሳ! ውኃ አጥቶ ይሆን? ሮቶው ሙሉ። ቱቦው ረግቶ ይሆን? የለም። ማጣሪያው? ገና ላስቲኩ የተላጠ። ለካ በረዶ መሥሪያው ጎን አንድ የሽቦ ክንድ አለ፤ ወደ ላይ ሲነሳ ሥራው ይቆማል። ሙሜ ዝቅ አደረገው። ከሰዓት በኋላ በረዶው ሲራገፍ በእኔም ግድግዳ በኩል ኳ… ኳ… ኳ! የጀጎል ግንብ ተናደ ብዬ ጫማዬን ሳላደርግ ወጣሁ።

በማግስቱ የዩሱፍ ሚስት ፔርሙዟን ይዛ ሄደች። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? እንደገና ተበላሽቷል!

ሙሜ እንደሚለው ክንዱ የሚነሳው ወይ ሳጥኑ በበረዶ ሲሞላ ነው፣ ወይ ሰው በእጁ ሲያነሳው። ወዳጅሽ ደግሞ «ባዶ ነው» ብላለች። ቤቱ ውስጥ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ታዲያ ቅዳሴ የማያመልጣት ሴት ትዋሻለች? ኧረ እኔ ደርሼበታለሁ… ክንዱ ለጸሎት ነው የተነሳው! እሷ ቤት ሽቦውም ጸሎተኛ ነው።

መርፌው ግን ጸሎቱ እስኪያልቅ አልታገሠም፤ ሙቀት መታው። ዩሱፍ ባለፈው ሰኞ ደጁ ላይ ተዘረረ። …አትደንግጪ፣ ነቅቷል።

በይ ሚኒባሱ ሞላ። አደራ፣ ይህን እንዳትነግሪያት፤ ሆደ ባሻ ናት። ካልቻልሽም ምርቃቴን ብቻ አድርሺልኝ። ፈጣሪ ፍሪጇን ይባርክላት፣ ዕድሜውን ያርዝምላት። እሷም የታመመች ቀን ትራሷን የሚያቃናላት፣ ውኃ የሚያቀብላት፣ «እግዜር ይማርሽ» የሚላት… እሱው ይሁንላት።

አሜን በይ እንጂ ልጄ!