የሐይቁ ሆድ ሲለካ

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ሲያልቅ አቶ ጋረደው አህያቸውን ውኃ ሊያጠጡ ከሱዳኗ ገዳሪፍ ወዲያ ወዳለው የግድብ ሐይቅ ቢወርዱ፣ አንዲት ወጣት ጀልባ ላይ ሆና የመለኪያ መሣሪያ ስታስተካክል አገኙ። ሰላም ቢሏት በጎንደር አማርኛ መለሰችላቸው። ሰኪና ትባላለች፤ ከመተማ የተሻገሩ ወላጆች ገዳሪፍ የወለዷት፣ ካርቱም ቅየሳ የተማረች ልጅ ናት።

አቶ ጋረደው ጦርነትና ድርቅ ከአርማጭሆ ያፈለሳቸው ሰዎች ሽማግሌ ናቸው። በስደቱ መንገድ ሕዝቡ ለሁለት ሲከፈል፣ ሚስታቸው በላይነሽ ወደ ኋላ ከቀሩት ጋር በውኃ ጥም ሞታለች። ስለዚህ ሐይቁን ያዩ ቀን፣ ከእንግዲህ ሳንበተን እዚሁ እንከርማለን ብለው ነበር። ሰኪና ግን የሐይቁን ወለል እየለካች መሆኗን፣ ውኃው በጋውን ለሁሉም እንደማይዘልቅ፣ ግማሹ ሰው ካሁኑ ወደ አትባራ ወንዝ ዳር ቢሄድ እንደሚሻል ነገረቻቸው።

«ልጄ፣ ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር መቅሠፍት ወረደ» አሉ አቶ ጋረደው። «እግዜር የሰጠውን መስፈር ደግ አይደለም። ደግሞስ ማዶው በዓይን የማይደረስ ሐይቅ እንዴት ብሎ ያልቃል?»

«ዮሴፍስ ለራቡ ዘመን አስቀድሞ ባያሰላ ግብጽ ትተርፍ ነበር? ዓይንዎ የሚያየው ስፋቱን ነው፣ አባቴ። ሰው የሚያኖረው ጥልቀቱ ነው።»

ሰው የተማመነበትን ነገር እንዲለኩበት አይወድም፤ እሳቸውም አልወደዱም። ቢሆንም ጀልባው ላይ ወጡ። መሣሪያው ወደ ታች ድምፅ እየላከ ሲመለስለት ጥልቀቱን እንደሚያውቅ፣ የወለሉም ጉብታና ጎድጓዳ እንደ ተራራ አገር ካርታ በወረቀት እንደሚሣል አስረዳቻቸው። ሣጥን ሲናገር አላምንም ቢሏት፣ ጫፉ ላይ ከባድ የእርሳስ ብረት የታሰረበት ገመድ ሰጠቻቸው።

እመሐል ሐይቁ ላይ ገመዱን ለቀቁት። ወገብ በማይሞላ ውኃ ጭቃ ነክቶ ረገበ። ሌላም ቦታ ሞከሩ፤ ያው ሆነ። ጎርፍ በየክረምቱ ያመጣው አፈር ሐይቁን ሞልቶት ኖሯል። ገመዱ የጠለቀው ከግድቡ ሥር፣ በጥንቱ የወንዝ ቦይ ውስጥ ብቻ ነበር። አቶ ጋረደው ገመዱን ጠቅልለው መለሱላት።

«በምን አፌ ሂዱ ልበላቸው?» አሉ።

«ሳይጠማው የተነሣ ይደርሳል። ውኃው ካለቀ በኋላ የተነሣ ግን...»

«እሱንስ አውቀዋለሁ።»

ግማሹ ወደ አትባራ ይሂድ ብለው ለሕዝቡ ቢነግሩ፣ ሰዉ ከፋፈለን ብሎ ረገማቸው። ለዘመድ አደላ ብሎ ሰው እንዳያማቸው የገዛ ልጃቸውን አምሳለን ከነልጆቿ ከሚሄዱት ጋር አደረጉ፤ እሷም ሳትሰናበታቸው ሄደች። የካቲት ላይ የሐይቁ መሐል ደርቆ ተሰነጠቀ። የቀሩት ካርታው ካመለከተው ቦይ በተራ እየቀዱ ጠጡ። ራብና ኩፍኝ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ወሰደ፤ የአምሳለም ታናሽ ልጅ ወንዙ ዳር ተቀበረ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ስደተኛ መጥቶ የት እንረፍ ሲላቸው፣ አቶ ጋረደው «መጀመሪያ የውኃውን ሆድ አስለኩ፤ ኋላ ትሰፍራላችሁ» ይሉ ነበር። ሐዘናቸው አልቀለለም። ዳሩ ግን በዚያ በጋ ከሰዎቻቸው መካከል በጥም የሞተ አንድም አልነበረም።