ሰባት ዙር

(ኮምቦልቻ፣ አርብ ቀትር። ሠራተኛው ሁሉ ጁምዓ ሄዶ ጭር ባለ ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ ይመር በክሪክ ብቻ ከቆመ ፒካፕ ስር በጀርባው ተጋድሟል፤ ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ታናሽ ወንድሙን ሙሄን የቀበረው የቧንቧ ሠራተኛ እንድሪስ የክሪኩን መልቀቂያ ጨብጦ ቆሟል።)

እንድሪስ፦ አትንቀሳቀስ ብያለሁ። አንዱን ጉልበትህን ሰብሬዋለሁ፤ ሌላውንም አልምርም።

ይመር፦ ወዴት ልንቀሳቀስ? ጉልበቴን በብረት ቀጥቅጠህ፣ መኪናውን የሚደግፉትን የእንጨት ታኮዎች ዘይት ጉድጓድ ውስጥ ወርውረህ፣ ሁለት ሺህ ኪሎ ከላዬ አንጠልጥለህ፣ አሁን ደግሞ አትንቀሳቀስ ትለኛለህ።

እንድሪስ፦ አሁንም ቀልድ አለህ?

ይመር፦ የቀረኝ እሱ ነው። ደግሞ ያ ክሪክ አሮጌ ነው፣ ዘይት ያፈስሳል። ሳትነካውም ቀስ እያለ ይወርዳል። ታኮ ሳላደርግ ገብቼ አላውቅም።

እንድሪስ፦ እንግዲያ ቶሎ ቶሎ ተናገር።

ይመር፦ ሰው ሁሉ ጁምዓ ሲሄድ አንተ ለምን ቀረህ?

እንድሪስ፦ ሰው ሁሉ እንደሚሄድ ስለማውቅ። አንተስ?

ይመር፦ የዚህ መኪና ባለቤት ነገ ሙሽራ ያመጣበታል። ዛሬ ድረስልኝ ብሎ ለመነኝ፣ እሺ አልኩት። እሺታዬ ነው የገደለኝ።

እንድሪስ፦ ገና አልሞትክም። ወንድሜን እንዴት እንደገደልከው ስትነግረኝ ነው የምትሞተው።

ይመር፦ ታዲያ ለመናገር ምን ያስቸኩለኛል?

እንድሪስ፦ ይኸው፣ አንድ ጣት ዝቅ።

ይመር፦ ያ ረቢ! ቆይ፣ ቆይ። የመኪናው ሻንሲ ደረቴን ነካው። ምን ልንገርህ?

እንድሪስ፦ የዚያን ሴንሰር ነገር። ከመጀመሪያው።

ይመር፦ ሙሄ ሚኒባሱን ይዞ መጣ። የሞተሯ መብራት በርታ አልጠፋ ብላው፣ ጭሱ ጠቁሮ፣ ነዳጅ እንደ ውሃ እየጠጣ። መረመርኩትና የኦክስጅን ሴንሰሩ አልቆለታል አልኩት። አንተም አጠገቡ ቆመህ ነበር።

እንድሪስ፦ ነበርኩ። ግን አልገባኝም።

ይመር፦ አልገባኝም ብትል አስረዳህ ነበር። አንተ እንደ ሊቅ ራስህን ነቀነቅክ።

እንድሪስ፦ አሁን አስረዳኝ።

ይመር፦ መኪና ተሸክሜ?

እንድሪስ፦ አንተ አስተምር፣ እኔ ተማሪ ነኝ።

ይመር፦ የሞተሩ አፍንጫ ነው በለው። ጭስ ማውጫው ላይ በክር ይገባና በጭሱ ውስጥ ስንት ኦክስጅን እንደተረፈ ያሸታል። ያሸተተውን ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጁን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። አፍንጫው ሲደፈን ሞተሩ ልኩን አያውቅም፣ ዝም ብሎ ይጎርሳል። ያ ጥቁር ጭስ ሳይቃጠል የተረፈው ነዳጅ ነው።

እንድሪስ፦ አይጠገንም?

ይመር፦ አይጠገንም፣ ይለወጣል። አያያዙ ሌላ ጥበብ የለውም፤ ንጹህ ነዳጅ ቅዳ፣ ሞተርህ ዘይት ሲያቃጥል ቶሎ አሳይ፣ መብራቷ ስትበራ አትናቃት። አዲሱን ከአዲስ አበባ አዘዝኩ። እስኪመጣ አሮጌውን በሃያ ሁለት ቁልፍ አጥብቄ መልሼ፣ አሥር ቀን ታገሱ፣ እጃችሁን እንዳታስገቡ አልኳችሁ።

እንድሪስ፦ በዘጠነኛው ቀን ሙሄ ገደል ገባ።

ይመር፦ አውቃለሁ። ቀብሩ ላይ አፈር መልሻለሁ።

እንድሪስ፦ በዚሁ እጅህ!

ይመር፦ በዚሁ እጄ። ሌላ የለኝም።

እንድሪስ፦ ያየ ሰው ነግሮኛል። በቀን ብርሃን፣ ፍሬን ሳይዝ፣ መሪ ሳያዞር፣ ቀጥ ብሎ ወረደ። ትራፊኩ እንቅልፍ ወስዶት ነው አለኝ። መሪው ደረቱ ውስጥ ገብቶ አገኘሁት፤ ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ፊት አልነበረውም፣ ይመር። እማዬ ልሳመው ስትል ፊቱን በጃኬቴ ሸፍኜ እጁን ነው ያሳምኳት።

ይመር፦ አላህ ይማረው።

እንድሪስ፦ ሳምንቱን ሙሉ "ራሴን፣ ራሴን" ይል ነበር። ያስመልሰውም ነበር። እማዬ ዓይን በልቶት ነው ብላ ቁርአን አስቀራችለት።

ይመር፦ ራሱን ያመው ነበር? መስኮት ዘግቶ ነበር የሚነዳው?

እንድሪስ፦ ዝናብ ነበረ፣ ምን ያድርግ?

ይመር፦ ጭሱ ነዋ። የሚኒባስ ሞተር ከሾፌሩ ወንበር ስር ነው፤ ካፈሰሰ ጭሱ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። ቤት ዘግተው ከሰል አንድደው ተኝተው የሚቀሩትን አልሰማህም? ያው እሱ ነው። ይሄኛው ቀስ ብሎ ነው የሚያደነዝዘው፤ ሰው የደከመው ይመስለዋል።

እንድሪስ፦ እኔም ደርሼበታለሁ። ቀብረነው ስንመለስ ፖሊስ ግቢ ያለው ስብርባሪ ስር ገብቼ አየሁ። ሴንሰሩ ከቀዳዳው ወጥቶ በሽቦው ተንጠልጥሎ አገኘሁት፣ በጥሼ ወሰድኩት። ያን ቀን ጠዋት ሙሄ "ራሴን አልቻልኩም፣ ጋሽ ይመር ጋ መኪናውን ላሳይ" ብሎኝ ነው የወጣው። ከፍተህ ሳትዘጋ ለቀቅከው!

ይመር፦ ያን ቀን ደሴ ነበርኩ። ዘበኛውን ጠይቀው፤ ሙሄ መጥቶ አጥቶኝ ሄደ። ባገኘው ኖሮ እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ እሱ እውነት ነው። ግን አልከፈትኩም።

እንድሪስ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሁለት ጣት።

ይመር፦ እእ… ሰማኸው? የጎን አጥንቴ ነው።

እንድሪስ፦ የሙሄ ስምንቱ ነው የተሰበረው። ገና ሰባት ይቀርሃል።

ይመር፦ ሴንሰሩ… የት አለ?

እንድሪስ፦ ኪሴ ውስጥ። አሥራ አንድ ቀን ከኔ አልተለየም። ጉሮሮህ ውስጥ ልከትልህ ነው ያመጣሁት።

ይመር፦ መጀመሪያ እጄ ላይ አድርገው።

እንድሪስ፦ እንካ። ደህና አድርገህ እየው። ምነው ጨበጥከው?

ይመር፦ አየሁት። እኔ ጋ ይቅር።

እንድሪስ፦ ይመር! ምን አየህ?

ይመር፦ ምንም። ፖሊስ ጋ እንሂድ። እኔ ነኝ በል ካልከኝ እላለሁ።

እንድሪስ፦ አሁን ደሴ ነበርኩ ያልከው ሰውዬ? ምን አየህ ነው የምልህ!

ይመር፦ አትጠይቀኝ።

እንድሪስ፦ ሦስተኛዋን ልልቀቃት?

ይመር፦ ብነግርህም ትለቃታለህ። እውነቴን ነው፣ ፈርቻለሁ። ለራሴም፣ ላንተም።

እንድሪስ፦ ለኔ? ከላይ ያለሁት እኔ ነኝ።

ይመር፦ አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ከኔ በኋላ ማን ነካው?

እንድሪስ፦ ማንም።

ይመር፦ እንድሪስ፣ ለውሸት የሚበቃ ትንፋሽ የለኝም። አንተም አትዋሽ።

እንድሪስ፦ አጠብኩት። አንዴ ብቻ። አሥር ቀን ሙሉ ማን ይጠብቃል? ካንዴላ ሲቆሽሽ በቤንዚን ይታጠብ የለ? በሦስተኛው ቀን ፈታሁት፣ ቤንዚን ውስጥ ነክሬ በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩት። ባትሪውን ነቅዬ ስመልሰው መብራቷም ጠፋች። ሙሄ አንገቴን አቅፎ ሳመኝ። "መካኒክ ሆነሃል፣ ጋሽ ይመርን ጡረታ እናውጣው" አለኝ።

ይመር፦ የጠፋችው መብራቷ ብቻ ናት፣ ብልሽቱ አይደለም። ካንዴላ ሌላ፣ ይህ ሌላ። ስትመልሰውስ?

እንድሪስ፦ አጥብቄ ነዋ! እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ቧንቧ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። እኔ ያሰርኩት ክር አንዲት ጠብታ አፍስሶ አያውቅም።

ይመር፦ እሱን አልክድህም። የቤቴን ቧንቧ የሠራኸው አንተ ነህ፤ እስከ ዛሬ አላንጠባጠበም።

እንድሪስ፦ ታዲያስ?

ይመር፦ ቧንቧ ስታስር ክሩ ላይ ምን ታደርጋለህ?

እንድሪስ፦ ክሩ ላይ?

ይመር፦ ተወው። ተወው እንድሪስ፣ ይቅር።

እንድሪስ፦ ቴፍሎን። ነጩን ቴፕ እጠመጥምበታለሁ። ያለ እሱማ ክር ያፈስሳል።

ይመር፦ እ።

እንድሪስ፦ ወዲህ አምጣው።

ይመር፦ ተወው አልኩህ።

እንድሪስ፦ አምጣው! … የክሩ ጥርስ መሃል ነው። ነጭ ነገር፣ ጠርዙ የጠቆረ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ኪሴ ውስጥ… ደም ይኖርበታል ብዬ እኮ ነው ያላየሁት። ቀልጧል እንዴ?

ይመር፦ ውሃና እሳት አንድ አይደሉም። ጭስ ማውጫ ምድጃ ነው፤ ክሩ ብረት ለብረት ካልተናነቀ አይይዝም። ቴፑ ተቃጥሎ ሲያልቅ ክሩ ላላ፣ ጭሱ ወደ ውስጥ ገባ፣ በመጨረሻም ኮረኮንቹ ነቅንቆ አወጣው።

እንድሪስ፦ ሰባት ዙር ነው የጠመጠምኩት።

ይመር፦ ይብቃህ።

እንድሪስ፦ ለቧንቧ አምስት ይበቃል። ለሙሄ ነው ብዬ ሁለት ጨመርኩ። ሰባት ዙር!

ይመር፦ አላወቅክም። እጅህ ወንድምህን ሲወድ ነው የሳተው።

እንድሪስ፦ ቁርአን ስታስቀራለት እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ አሚን እል ነበር… ይኸው፣ ከፍ አደረግኩት። ይውጡ፣ ጋሽ ይመር።

ይመር፦ አሁን ጋሽ ሆንኩ? መልቀቂያውን ለምን አልተውከውም?

እንድሪስ፦ ይውጡ። እጅዎን ይስጡኝና ልጎትትዎ። ከዚያ እኔ እገባለሁ። እርስዎ ምንም አይነኩም፤ መልቀቂያውን በእግሬ እመታዋለሁ።

ይመር፦ እናትህስ?

እንድሪስ፦ ምን ብዬ ልግባላት? ማን ገደለው ብላ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ደሙን እመልሳለሁ ብዬ ነው ዛሬ ከቤት የወጣሁት። ልመልሰው። ይውጡልኝ!

ይመር፦ አልወጣም።

እንድሪስ፦ ጋሽ ይመር፣ በአላህ!

ይመር፦ እኔ ሳልወጣ አንተ አትገባም። ሰው ከጁምዓ እስኪመለስ እዚሁ ተጋድሜያለሁ፤ ታኮ የለም፣ ክሪኩም ያፈስሳል። በል እጀታውን ፓምፕ አድርግ፤ እጅህ ካረፈ ዛሬ እኔንም ትቀብራለህ።